ከአጥራችን ጀርባ ያለው ጨፌ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮዬ በኩል የማጭድ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ሠራተኞች በአጥሬና በጨፌው መካከል ችካል የሚተክሉበትን መስመር እየጠረጉ ነበር። የታጨደው ቄጠማ በቦት ጫማቸው ተረግጦ ሽታው ሽው ሲለኝ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የገበያ ቄጠማ እንዲህ አይሸትም፤ እሱ ፀሐይ መትቶት፣ ተሸካሚ ጀርባ ላይ ጠውልጎ የመጣ ነው። ከሥሩ እንደተቆረጠ፣ ውሃው ገና ሲንጠባጠብ የሚሸተው ሌላ ነው። ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ዝናብ ዝናብ ይላል፣ ከስር ደግሞ እሸት በቆሎ ሲላጥ የሚመጣው ዓይነት ጣፋጭ ነገር አለው። ያ ሽታ እጄን ይዞ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ እዚህ ሰፈር ወደ መጣሁበት ዘመን መለሰኝ።

ሰፈራችን ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ሲወረድ ነው። በዙሪያችን ያልፈረሰና ያልተሠራ ነገር የለም፤ ፎቁ ከላይ ቁልቁል ያየናል። ይህች ጨፌና ዳሯ ላይ የተደረደርነው ጥቂት ቤቶች ግን እንዳለን አለን። አሁን ጨፌዋ የተጠበቀች ቦታ ተብላለች። ይህንኑ ልታስረዳን የመጣችው ወጣት ባለሙያ፣ ፀጉሯን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ሱሪዋን ጉልበቷ ድረስ አጥፋ ጭቃው መሐል ቆማ ነበር። «ከችካሉ ወዲያ አጥር አይወጣም፣ አፈር አይደፋም፣ የእጥበት ውሃም አይለቀቅም» አለችን። «ቄጠማውን ግን በተራ ታጭዳላችሁ። አንዱ ጎን ሲታጨድ ሌላው ለወፎቹ ይቀራል።» አንዱ ጎረቤቴ ስለ ትንኝ አማረረ፣ ሌላው ሌባ ይደበቅበታል አለ። ሁለቱም ውሸት የላቸውም፤ ከጨፌ ጋር መኖር የራሱ ጣጣ አለው። ከዚያ አንድ በቅርቡ ቤት ገዝቶ የገባ ጎልማሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ የምለው፣ ሁለት ሜትር ብቻ ብንገፋስ ምን ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ሳላስበው ሳቄ መጣ። አጠገቤ የቆመችው አሚናም ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ ሳቀች። አሚና የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ዛሬ ጀሞ ብትኖርም የአባቷ ቤት እዚሁ ከጎኔ ስላለ ለስብሰባው መጥታ ነበር። እኔና እሷ ይህን «ሁለት ሜትር ብቻ» የሚባል ነገር ከብዙ ዘመን በፊት ሰምተነዋል።

ያኔ እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ በረንዳ ላይ ተቀጥሬ በእግር መኪና እሰፋ ነበር። ሰው ሁሉ ሱሪውን ከታች ካላሰፋ የማይተኛበት ጊዜ ነው። ጎፈሬው እንደ ጃንጥላ፣ ሱሪው እንደ መጥረጊያ፤ ወንዱ ሲሄድ መንገዱን ጠርጎ ነበር የሚያልፈው። አዲስ ቤል ቦተም የማሰፋት አቅም የሌለው አሮጌ ሱሪውን ይዞ ይመጣና ከጉልበቱ በታች በጎን ተቀዶ ሌላ ጨርቅ እንዲገባበት ያዛል። ግርማም እንዲሁ ነው የመጣው። ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ በምንም አይለቅም። ሱሪው ግራጫ፣ ይዞት የመጣው ቁራጭ ጨርቅ ቡናማ። «አይሄድም እኮ» ስለው «አንቺ ከሰፋሽው ይሄዳል» አለኝ። አሠሪዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ሱሪው እንደ ተሰፋ ቢሰጠውም በማግሥቱ ጠቧል ብሎ መጣ፣ ደግሞ ሰፍቷል ብሎ መጣ። ጨርቁ በስፌት ብዛት ሊበጣጠስ ሲል ነው «ሱሪው ይቅርና ሻይ እንጠጣ» ያለኝ።

ሻይ አስር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም። እሱ ሁለት ፓስቲ ገዝቶ ትልቁን ለእኔ ይሰጠኛል። ሰይቼንቶ ታክሲ በስሙኒ ያደርሰን ነበር፤ እኛ ግን መንገዱ እንዲረዝምልን በእግር ነበር የምንሄደው። ጥጉ ላይ የሸክላ ሙዚቃ የሚሸጥ ቤት ነበር፣ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ስለ ናፍቆት የሚያዘፍን። ግርማ እዚያ ጋ ሲደርስ የጫማው ማሰሪያ የተፈታ ይመስል ጎንበስ ይልና ዘፈኑ እስኪያልቅ ያስረዋል። ዛሬ በዚያ ጥግ ባንክ አለ። ባለፈው ጡረታዬን ልቀበል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ልቤ ያንን ማሰሪያ የሚያስር ሰው ይፈልግ ነበር።

አባቱ ጋሽ ወልዴ ይባሉ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቶ ነበር። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ነበሩ፤ ካፖርታቸው ካኪ፣ ሁለት ክርኑ በሌላ ጨርቅ የተለጠፈ፣ ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ። ቤታቸው አንዲት ክፍልና አንዲት ትንሽ ማድ ቤት ነበረች። ክፍሏ መሐል ላይ መጋረጃ ተጋርዶ አባት ከወዲህ፣ ልጅ ከወዲያ ይተኛሉ። ግርማ መጀመሪያ ጊዜ ሲወስደኝ በቤቱ አፍሮ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው ያሳለፈኝ፤ «ይህን እይልኝ» ብሎ። ከአጥሩ ወዲያ ቄጠማው ወገብ ድረስ ቆሞ ነፋስ ያወዛውዘዋል። በየመሐሉ ውሃው ብልጭ ይላል። ጋጋኖዎች በቀጭን እግራቸው ጎንበስ ቀና እያሉ ይለቅማሉ። አዲስ አበባ መሐል መሆኔ ጠፋኝ። ጋሽ ወልዴ ከኋላችን መጥተው «ልጄ፣ እንቁራሪት ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። «አልፈራም» አልኩ። «እንግዲያው እዚህ ቤት መኖር ትችያለሽ» አሉ። ለጋብቻ የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው ብዬ ግርማን እድሜ ልኩን እቀልድበት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አሚና አባት ልንገራችሁ። ጋሽ ሸምሱ መርካቶ በርበሬና ቅመም የሚነግዱ የስልጤ ሰው ነበሩ፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ሲናደዱም ሲስቁም ከሩቅ የሚሰሙ። ቤታቸው ከጋሽ ወልዴ ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። እኔ ሰፈሩን ከማወቄ ቀደም ብሎ፣ ንግዱ ሲሰፋላቸው፣ ከጓሯቸው ወደ ጨፌው ገረጋንቲና ፍርስራሽ አስደፍተው ሁለተኛ መጋዘን ሊሠሩ መሠረት አስጀምረው ነበር። እሳቸውም ያሉት ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እንደ ወትሮው ጨፌው ላይ ልተኛ ሲል ቦታው ተይዞ አገኘው። ዞረና ከእነሱ አለፍ ብላ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ገባ። አልጋዋን፣ ዱቄቷን፣ የባሏን ፎቶግራፍ ሳይቀር ይዞባት ወጣ። ዕድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ ወልዴ ፈረዱ፤ ሸምሱ ያስደፋውን ያውጣ፣ ከእንግዲህም ማንም ሰው አጥሩን ወደ ጨፌው አይግፋ አሉ። ጋሽ ሸምሱ እልኸኛ ናቸው፤ ቀን ሠራተኛም ሳይቀጥሩ በገዛ አካፋቸው ቆፍረው አወጡት። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። አሚና «አባቴ ወደ እናንተ ግቢ ሲያይ አንገቱ የሚያመው ይመስል ነበር» ትላለች።

እንግዲህ ሽማግሌ ወደ እናቴ ተላከ። እናቴ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ የምትቸረችር፣ ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ነበረች። ግርማን ወደደችው። ቤቱን ግን ሄዳ ካየች በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና «ልጄን ለሰው ልጅ እሰጣለሁ እንጂ ለመጋረጃ ጀርባ አልሰጥም» አለች። «የባል አባት ወዲህ እየሳለ፣ ሙሽራ ወዲያ ትንፋሿን ውጣ ልትኖር? አንዲት ክፍል ይቀጥሉና ይምጡ።» ሽማግሌዎቹ አልተቆጡም፤ የእናት ቃል ነው። ግን የምትቀጠለው ክፍል በየት በኩል ትውጣ? ከፊት መንገድ ነው፣ በግራና በቀኝ ጎረቤት ነው። የቀረው ከኋላ ነው። ከኋላ ደግሞ ጨፌው ነው።

ግርማ ለአባቱ ነገራቸው። ጋሽ ወልዴ «አየዋለሁ» አሉት። ሰፈሩ ሁሉ ምን እንደሚያደርጉ መጠበቅ ጀመረ። ውሃ ልትቀዳ ቧንቧ የወጣችው ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነው። ለሌላው የፈረዱት ለልጃቸው ሲሆን ይላላ ይሆን? አብዛኛው ሰው ቢላላም አይፈርድባቸውም ነበር፤ የልጅ ነገር ነዋ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ እንዲላላ ነበር የምፀልየው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ወልዴን ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቼ አምጥቼ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል ውጭ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ከዚያ የመቆፈር ነገር ወዲህ ደጃፉን ረግጠውት አያውቁም። ግርማ ወንበር አቀረበላቸው፣ ሻይ ተቀዳላቸው። በመጋረጃው ቀዳዳ የሁለቱም እጅ ይታየኛል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ልጁ የሚገባበት ቤት አጣ ሲሉ ሰማሁ» አሉ።

«እውነት ነው።»

«ሁለት ሜትር ወደ ጨፌው ቢገፉ አንዲት ክፍል ይወጣዋል።»

«ይወጣዋል።»

«ታዲያ ይግፉ! ወላሂ እኔ አፌን አልከፍትም። የዕድሩንም ሰዎች አናግሬያቸዋለሁ። ማንም አይናገርዎትም።»

ጋሽ ወልዴ «ሸምሱ፣ ያን ገረጋንቲ ስታወጣ እጅህ ተልጦ ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«ተልጦ ነበር።»

«ያስላጥኩህ እኔ ነኝ። አሁን ተራው የልጄ ሲሆን፣ ውሃው መንገዱን ለውጧል ልበልህ?»

«ያ ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «እኔ ለጆንያ ነበር። ይሄ እኮ ለሰው ነው።»

«ውሃው ለጆንያ ነው ለሰው ነው ብሎ አይጠይቅም። ያቺ ሴትዮ ዛሬም እዚያው ናት፤ አልጋዋም እዚያው ነው። ልጄን እወደዋለሁ። ልጅቷንም እንደ ልጄ ወድጃታለሁ። ግን አልችልም።»

ጋሽ ሸምሱ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ግርማም አባቱን ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የተከልኩትን ቁልፍ ጠማማ ሆኖ አግኝቼው ፈትቼ እንደገና ተከልኩት፤ ሌላ ምን ላድርግ። ስወጣ ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ቆመው «ተቀየምሽኝ?» አሉኝ። ሸሚዙን ሰጥቻቸው ሄድኩ። እስከ ተክለ ሃይማኖት እንባዬን በሻርፔ እየጠረግሁ በእግሬ ሄድኩ፤ ሙዚቃ ቤቱ ጋ ስደርስም አልቆምኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየችው አሚና ናት፤ ያኔ የአስር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። አባቷ ማግሥቱን ከመርካቶ ተሸካሚዎች ይዘው መጡና በመንገዱ በኩል ያለውን መጋዘናቸውን ከፍተው የበርበሬውን ጆንያ ወደ ቤት ማስገባት ጀመሩ። ሳሎኑ ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞላ፣ ከልጆቹ አልጋ ሥር ሳይቀር ገባ። እናቷ «ሰውዬው አበደ» እያሉ ፍራሽ ያነሡላቸው ነበር። አሚና «ስንት ጊዜ ጆንያ ተደግፌ የቤት ሥራዬን እንደሠራሁ! ደብተሬ ሲከፈት መምህሯ ታነጥስ ነበር» ብላ ቅዳሜ ዕለት እንደገና አሳቀችኝ። ጋሽ ሸምሱ መጋዘኑን ባዶ ካደረጉ በኋላ ኖራ አስቀብተው፣ መስኮት አስከፍተው፣ ቀጥ ብለው እናቴ ጨርቅ ወደምትሸጥበት ሄዱ። እኔ እዚያ ነበርኩ። «እማማ፣ የልጆቹ ክፍል ደርሷል፤ መጥተው ይዩልን» አሏት። እናቴ የማን ቤት እንደሆነ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ በሰው ቤት ትዳር ልትይዝ?» አለች። «በሰው ቤት አይደለም፣ በአጎቷ ቤት ነው» አሉ። እናቴ ግራ ገባት። «ከግርማ ቤት ጋር ዘመዶች ናችሁ እንዴ?» ስትላቸው «አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ» አሉ። እናቴ ትንሽ አየቻቸውና ከመደርደሪያዋ አንድ ጥሩ የመጋረጃ ጨርቅ አወረደች። «መስኮቱ በስንት ይሆናል?» አለች። በዚያ አለቀ።

ግርማ ወሬውን ለአባቱ ሲነግራቸው ጋሽ ወልዴ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ጎረቤት ግቢ ሄዱ። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። አሚና ያየችው ተያይዘው ባዶው መጋዘን ውስጥ ሲዞሩና ጋሽ ወልዴ በእጃቸው ግድግዳውን ሲዳብሱ ነው።

የሠርጌን ቀሚስ ራሴ ሰፋሁት፤ ነጭ ክሬፕ፣ እጅጌው የተነፋ። ዳሱ መንገዱ ላይ ተጣለ። ጋሽ ወልዴ በግ አረዱ፣ ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ለሙስሊሙ እንግዳ የራሳቸውን በግ አረዱ፤ ከዳሱ በዚህና በዚያ ጫፍ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን እንግዳ ብሉልኝ እያሉ ሲለምኑ ዋሉ። የበርበሬው ነገር ግን ኖራም አልመለሰው። ሙሽሮች ወደ ክፍላችን ስንገባ መጀመሪያ ግርማ አነጠሰ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሚዜዎቹ ተራ በተራ። ውጭ ያለው ሰው «ይማራችሁ!» እያለ ዘፈኑ ተቋረጠ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ግድግዳው ይሞቅና በርበሬና ኮረሪማ ይሸታል። እስከ ዛሬ ወጥ ሲቁላላ ሰው ይርበዋል፣ እኔ ግን ሙሽርነቴ ይመጣብኛል።

በዓመቱ ክረምት እርጉዝ ነበርኩ። ዝናቡ ያን ጊዜ እንደ ዛሬ አልነበረም፤ ከጀመረ ሳምንት አይነሣም። በላይኛው ሰፈር፣ የወንዙን ዳር በአፈር ደፍነው በሠሯቸው ቤቶች ውሃ ገባ። እኛ ጋ ጨፌው ሞላ፣ ተነፋ፣ ቄጠማው ጫፉ ብቻ ቀረ፤ ከአጥሩ ሥር ደርሶም እንደ ደከመው ከብት ተኛ። ጋሽ ወልዴ አንድም ቀን «አላልኳችሁም?» ሲሉ አልሰማሁም። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ባልዲ ይዘው፣ ከጋሽ ሸምሱ ጋር ወደ ላይኛው ሰፈር የገባባቸውን ውሃ እየቀዱ ሊያፈሱላቸው ወጡ። ሁለቱም ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። እጃቸውን ስታስታጥባቸው አሚና የሁለቱንም መዳፍ ተልጦ አየችው።

ልጄ በመስከረም ተወለደች። ጋሽ ወልዴ ታቅፈዋት ወደ ጓሮ ይዘዋት ወጡ፣ ከዚያም ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረው «በአንተ ቤት ነው የተወለደችው፤ ስም አውጣላት» አሏቸው። ጋሽ ሸምሱ ጨፌውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። በመጨረሻ «ለምለም ትባል» አሉ። ክርስትናዋ በልደታ ማርያም ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ጠበቁን።

ጋሽ ወልዴን፣ ካረጁ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። «አባባ፣ ያኔ ቢገፉት እኮ ማንም አይናገርዎትም ነበር።» «ማንም» አሉ፤ «ለዚያ ነው የከበደኝ።» እኔም ይህን ቃል ለሰው ለመንገር ስሞክር እንደሳቸው አጥሮ አይመጣልኝም።

ለምለም ሦስት ዓመት ሲሞላት ግርማ አብነት የቀበሌ ቤት አገኘና ከመጋዘኑ ወጣን። ዕቃችን አንድ ጋሪ አልሞላም። ጋሽ ሸምሱ ጆንያቸውን መልሰው ያስገባሉ ብለን ስንጠብቅ ክፍሉ ባዶውን ቀረ። አሚናና እህቶቿ ያኔም ከበርበሬው ጋር ይተኙ ነበር። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ «ጋሼ፣ ለምን አያስገቡትም?» አልኳቸው። በሩ ክፍት ነበር፣ ወለሉ ተጠርጓል። «የልጅ ድምፅ የለመደ ቤት ውስጥ ጆንያ ስጥል ደስ አይለኝም» አሉኝ። ለምለም ከአብነት በመጣች ቁጥር ቀጥታ ወደዚያ ክፍል ነበር የምትሮጠው። እየቆየ ሰፈሩ ሁሉ «የለምለም ቤት» ይለው ጀመር።

ጋሽ ወልዴ ሲያርፉ እኛ ወደ ጨፌው ዳር ቤታቸው ተመለስን። ጋሽ ሸምሱም ሄዱ። ግርማም ሄደ። ለምለም ሀዋሳ ነርስ ናት፣ የልጅ ልጆች ሰጥታኛለች። ክፍሉን አሁን ሞባይል የሚጠግን ወጣት ተከራይቶታል።

ቅዳሜ ዕለት ችካሉ ተተክሎ ካለቀ በኋላ እኔና አሚና ባለሙያዋን ወደ መንገድ ሸኘናት። ሁለት ሜትር የጠየቀው ጎልማሳ እንኳ በመጨረሻ መዶሻ ተቀብሎ አንድ ችካል መትቷል። በጋሽ ሸምሱ ግቢ በኩል ስንወጣ ባለሙያዋ የሞባይል ጠጋኙን በር እያየች «ይህቺ ክፍል ደግሞ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች። አሚና ሳታስብ «የለምለም» አለች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ለምለም እርስዎ ነዎት፣ እማማ?» አለችኝ።

አሚና ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ እጇን ያዝኩና «አይ፣ ልጄ ናት» አልኳት ለባለሙያዋ፤ «የዚህች አባት ናቸው የሰጧት።»